አራስ ልጅ ሌሊት እንዲተኛ፣ ሳያስፈልግ እኛው እንዳንቀሰቅሰው

እንደምን ዋላችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ አያቶች፣ ቀናችሁ የገፋ እርጉዞችም፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ቢያለቅስባችሁ አትሳቀቁ። ማጥባት የፈለገች እዚያው ባለችበት ታጥባ። ስለ አራስ ልጅ እየተነጋገርን አራሱን «ዝም በል» ማለት አይሆንልንም።

የመጣችሁበትን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «ልጄ ሌሊቱን ሙሉ የሚተኛልኝ መቼ ነው?» አይደል? መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁና እንገላገል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይተኛም። እንቅልፍ አጥቶ አይደለም። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል። ግን እየቆራረጠ ነው፤ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ። ለቀንና ለሌሊትም ደንታ የለውም።

ታዲያ ምን ልንነጋገር ተሰበሰብን? መንቃት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ርቦት የሚነቃው ነው፤ ያንን አንነካውም፣ ልንነካውም አይገባም። ሌላው እኛው የምናመጣው ነው፤ በመብራታችን፣ በወሬያችን፣ ያለጊዜው በምንቀይረው ዳይፐር፣ «ተነሣ መሰለኝ» ብለን በምንሮጠው ሩጫ። ዛሬ የምናገረው በአብዛኛው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ ግን ርቦት ስለሚነቃው በአጭሩ። አንድ ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ የሚወስደው ወተት ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ቢበዛ አንድ ተኩል ማለት ነው። በ10ኛው ቀን ገደማ ከ45 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። የእናት ጡት ወተት ደግሞ ቶሎ ይፈጫል። ስለዚህ በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። አስሉት እስቲ! በየሁለት፣ በየሦስት ሰዓቱ ቢነቃ ምን ይደንቃል?

እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብዙ የሚተኛው ልጅ ነው የሚያሳስበን። ሕፃናት በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ክብደት ይቀንሳሉ፤ ወደ ልደት ክብደታቸው የሚመለሱት ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ሳይጠባ ከተኛ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቀስቅሳችሁ አጥቡት። ክብደቱ መመለሱን ባለሙያ ካረጋገጠላችሁና ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት 6 እና ከዚያ በላይ ዳይፐር የሚያርስ ከሆነ፣ ጤነኛ ሆኖ በጊዜው የተወለደ ልጅ ሌሊት እስኪነቃ ቢጠበቅ ችግር የለውም። ያለጊዜው የተወለደ ግን ሐኪሙ በሰጠው ሰዓት ነው የሚጠባው፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንድ ሌሊት አብረን እንይ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው እንበል። ልጁ ከተኛ 50 ደቂቃ ሆኖታል። በጨለማው ውስጥ «እህ… እህህ…» የሚል ማቃሰት ትሰማላችሁ። ብትጠጉ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ከንፈሩ የሚጠባ ይመስላል፣ እግሩን ያወራጫል፣ ዓይኑ ከሽፋኑ ሥር ወዲያ ወዲህ ይላል፤ አንዴ ፈገግ ይላል፣ አንዴ ደግሞ ልቅሶ ሊጀምር ይመስላል። ምን ታደርጋላችሁ? ታነሡታላችሁ! ሁላችንም እናነሣዋለን። ልጁ ግን አልነቃም ነበር። ተኝቶ ነበር። የቀሰቀስነው እኛ ነን።

ይህ ሲገላበጥ የሚታደርበት እንቅልፍ ንቁ እንቅልፍ ይባላል። አራስ ልጅ ከእንቅልፉ ግማሽ ያህሉን የሚያሳልፈው በዚህ ዓይነት እንቅልፍ ነው፤ እንቅልፍ ሲወስደውም የሚገባው በዚሁ በር ነው። አንዱ ዙር፣ ማለትም ንቁውና ጸጥተኛው እንቅልፍ ተደምሮ፣ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ይፈጃል። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ሲሻገር ያቃስታል፣ ይነጫነጫል፣ አንዳንዴ ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይከድናል። ካልነካነው ብዙ ጊዜ ራሱ ይሻገራል።

ስለዚህ ድምፅ ስትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ? ቁጭ በሉና ተመልከቱ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። መብራት አታብሩ፣ አታናግሩት። ዓይኑ ተገልጦ ቆየ ወይ? ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ እያዞረ ጡት ይፈልጋል ወይ? እጁን ወደ አፉ ያመጣል ወይ? ድምፁ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? እነዚህ ካሉ ርቦታል፤ አንሡት። ልብ በሉ፣ «ተመልከቱ» አልኩ እንጂ «አስለቅሱት» አላልኩም። አምርሮ ያለቀሰ አራስ ጡት አይዝም፤ እሱን ለማረጋጋት ብቻ ሌላ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል። «አልቅሶ ይልመድ» የሚባለው ነገር ለዚህ ዕድሜ አይሠራም፤ በጥቂት ሳምንት ዕድሜ ራሱን የማረጋጋት አቅም ገና የለውም።

አተነፋፈሱም ያስደነግጣል። ቶሎ ቶሎ ይተነፍስና 5፣ አንዳንዴም እስከ 10 ሰከንድ ቆም ይላል፤ ከዚያ ይቀጥላል። በአራስ ልጅ ይህ የተለመደ ነው። 20 ሰከንድ ከደረሰ፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም ከተዝለፈለፈ ግን ያለ አንዳች ማመንታት ወደ ሐኪም ቤት።

ሁለተኛው ጉዳይ ቀንና ሌሊትን ማስለየት ነው። እናት ሆድ ውስጥ እያለ የእናቱ ሜላቶኒን፣ ማለትም ጨለማ ሲሆን ሰውነታችን የሚያመነጨው የእንቅልፍ ሆርሞን፣ በእንግዴ ልጁ በኩል ይደርሰው ነበር። ሲወለድ ያ ይቋረጣል። የራሱን በየሌሊቱ በሥርዓት ማመንጨት የሚጀምረው በ2ኛውና በ3ኛው ወር አካባቢ ነው። እስከዚያ ሰዓት አያውቅም። እኛ ግን ልናሳየው እንችላለን። በምን? በብርሃን፣ በድምፅ፣ በወተት። ሌሊት የሚወጣው የጡት ወተት ውስጥ ሜላቶኒን አለ፤ ቀን የሚወጣው ውስጥ ግን እምብዛም አይገኝም። ወተት አልባችሁ ለምታስቀምጡ እናቶች ይህ ጠቃሚ ነው፤ ዕቃው ላይ የታለበበትን ሰዓት ጻፉበት፣ የሌሊቱን ለሌሊት ስጡት።

ቀን መጋረጃው ይከፈት። ልጁ ቀን ሲተኛ ቤቱን አታጨልሙት፣ በጣታችሁም አትሂዱ፤ ዕቃው ይንኳኳ፣ ሰው ያውራ። ክብደቱ ተመልሶ ከሆነ በኋላ ቀን ላይ ከ3 ሰዓት በላይ በአንድ ወጥ አታስተኙት፤ ቀስቅሱና አጥቡት። ቀን በየሁለት ሁለት ሰዓት ተኩሉ የጠባ ልጅ ከምግቡ አብዛኛውን ቀን ይጨርሳል፣ ሌሊት ለረጅሙ እንቅልፍ ቦታ ይገኛል። ረጅሙ ስል አራት ሰዓት ቢሆን ደስ ይበላችሁ። በ3 ወር አካባቢ ብዙዎቹ 5 ወይም 6 ሰዓት መተኛት ይጀምራሉ፤ የማይጀምሩም አሉ፣ ጤነኞች ናቸው።

ቀን እንዳይተኛ ከልክሎ ለሌሊት ማድከምስ? ይህን የሚሞክር ሰው አይጠፋም። አይሠራም፤ እንዲያውም ይብሳል። የአንድ ወር ልጅ ነቅቶ መቆየት የሚችለው፣ የሚጠባበት ጊዜ ጭምር፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ ያለፈ ልጅ ሰውነቱ ይወጣጠራል፣ ያለቅሳል፣ ደክሞትም መተኛት ያቅተዋል። ምልክቱን ያዙ፤ ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ይፈዛል፣ ፊቱን ከእናንተ ያዞራል፣ ቅንድቡ አካባቢ ይቀላል፣ ያዛጋል። ለቅሶው የመጨረሻው ነው። እሱን ከጠበቃችሁ ዘግይታችኋል።

ሌሊት ደግሞ ሁሉም ነገር ይገለበጥ። ቅደም ተከተሉን ልናገር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ።

ከመተኛታችሁ በፊት ዳይፐር፣ መጥረጊያ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ትከሻ ላይ የሚጣል ጨርቅ በእጃችሁ በሚደርስ ቦታ ይሁን። መብራቱ ደብዛዛ፣ ቢቻል ወደ ቀይ ወይም ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ ከዓይኑ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ይሁን። ሲነቃ አንሡት። ዳይፐሩ በሰገራ ካልተበላሸ ወይም ከልክ በላይ ካልራሰ አትንኩት። መቀየር ካለበት መጀመሪያ ቀይሩት፣ ወይም አንዱን ጡት ጠብቶ ሲያበቃ ቀይሩና በሌላው እንቅልፍ ይውሰደው። ጠብቶ፣ ጠግቦ፣ ተዝለፍልፎ ከተኛ በኋላ ዳይፐር የሚቀይር ሰው የአንድ ሰዓት ድካሙን በአንድ ደቂቃ አፈረሰው። ከጠባ በኋላ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሻችሁ ላይ ያዙትና ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርጉ፤ 10 ደቂቃ ያህል። አንዳንዱ ልጅ አያገሳም፤ አትታገሉት። ወሬ የለም፣ ጨዋታ የለም፣ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም። ስልካችሁንም እዚያው ተዉት፤ ብርሃኑ እናንተንም መልሶ እንቅልፍ ይነሣችኋል።

ከዚያ ማስቀመጡ ይመጣል። እቅፍ ውስጥ ሞቶ ተኝቶ፣ አልጋው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቦግ! የማታውቁት አላችሁ? የለም፤ ሳቃችሁ ይበቃኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 የጃፓኑ የሪከን ተቋም ተመራማሪዎች የሕፃናትን የልብ ምት እየለኩ ይህንኑ አጥንተው ነበር። ያገኙት ይህ ነው፤ የሚያለቅስ ሕፃን ታቅፎ ለ5 ደቂቃ ሳይቋረጥ ሲሄዱበት ይረጋጋል፣ ብዙዎቹም ይተኛሉ። ወዲያው ካስቀመጣችሁት ግን ሊነቃ ይችላል። ተቀምጣችሁ ሌላ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይዛችሁት ብትቆዩ እንቅልፉ ይጠልቃል። የሚነቃውም ጀርባው ፍራሹን ሲነካ ሳይሆን ከወላጁ ገላ መለየት ሲጀምር ነው።

ስለዚህ አትቸኩሉ። ክንዱን ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ከብዶ ዝልፍ ካለ እንቅልፉ ገብቶለታል። ጎንበስ ብላችሁ ደረታችሁ ከእሱ ሳይለይ እስከ ፍራሹ ድረስ ውረዱ። መጀመሪያ መቀመጫው፣ ቀጥሎ ጀርባው፣ መጨረሻ ላይ ጭንቅላቱ ይረፍ። ጭንቅላቱ ከቀደመ የሚወድቅ መስሎት ይደነግጣል፣ ሁለት እጁን ይበትናል፣ ያልቃል። ካረፈ በኋላም አንድ እጃችሁ ደረቱ ላይ ትንሽ ይቆይ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ውሰዱት።

አሁን የምናገረውን ግን ለእንቅልፍ ብላችሁ አትለውጡት። ልጁ በየትኛውም እንቅልፍ፣ ሌሊትም ቀንም፣ በጀርባው ይተኛ። በጀርባው! በሆዱ አይደለም፣ በጎኑም አይደለም። በሆዱ የተኛ ሕፃን ረዘም አድርጎ ይተኛል፣ እውነት ነው። አደጋውም እዚያው ላይ ነው፤ ለመንቃት ይከብደዋል፣ አየር ሲያጥረው እንኳ አይነቃም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ መከረ፤ በ1994 ሰፊ ዘመቻ ተጀመረ፤ በዚያ አገር በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከግማሽ በላይ ወረደ።

እማማ እጅዎን አነሡ፤ ይጠይቁ። … «በጀርባው ተኝቶ ቢያስመልሰው ትን አይለውም ወይ?» ነው የሚሉት። ግሩም ጥያቄ ነው፤ ይህን የሚፈራ ሰው ብዙ ነው። በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ነው። ወደ ላይ የተመለሰ ወተት ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ዳገት መውጣት አለበት፤ ልጁም ይውጠዋል ወይም ያስለዋል። በሆዱ ሲገለበጥ ግን የአየር ቧንቧው ከታች ይሆናል፣ ወተቱ ቁልቁል ነው የሚመጣበት። ስለዚህ የሚያስመልሰውም ልጅ በጀርባው ይተኛ። ትራስ አድርጎ ከፍ ማድረግም አይጠቅምም፤ ይንሸራተትና አገጩ ደረቱ ላይ ተደፍቶ አየር ያጥረዋል። አመሰግናለሁ እማማ።

አልጋው ጠንካራና ዝርግ ይሁን፣ አንሶላው ፍራሹን ወጥሮ የያዘ። ከዚያ በቀር ምንም! ትራስ የለም፣ ብርድ ልብስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም፣ ዙሪያውን የሚታሰር ስፖንጅ የለም። አልጋው ለብቻው ሆኖ በእናንተ ክፍል ውስጥ፣ ከጎናችሁ ይሁን፤ ቢያንስ እስከ 6 ወር። ሶፋ ላይ ልጅ አቅፎ ማንቀላፋት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ልጁ በእናንተና በመደገፊያው መካከል ይሰነቀራል። እንቅልፍ ሊጥላችሁ እንደሚችል ካወቃችሁ ሶፋ ላይ አታጥቡ፤ ትራስና ብርድ ልብስ በተነሣለት አልጋ ላይ ሆናችሁ አጥቡና እንደነቃችሁ ወደ ራሱ አልጋ መልሱት። ሲጋራ የሚያጨስ፣ የጠጣ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የወሰደ ሰው ግን ከሕፃን ጋር አልጋ አይጋራ።

ሙቀቱን በእጁና በእግሩ አትለኩ፤ የአራስ እጅ እግር ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ዳስሱ። ካላበው በዝቶበታል፤ አንድ ልብስ ቀንሱ። እናንተ ከምትለብሱት አንድ ደርብ ቢጨመርለት ይበቃዋል፤ ቤት ውስጥ ኮፍያ አድርጎ አይተኛ።

የምሽቱ ለቅሶስ? ከ11 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 4 እና 5 ሰዓት የሚያለቅስ ልጅ አላችሁ? ለቅሶ ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ 6ኛው ሳምንት አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፣ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይረግባል። በዚያ ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ ጡት ቢጠይቅ «ወተቴ አለቀ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ አጥቡት። አቅፋችሁ ሂዱበት። ወጥ የሆነ ዝም ያለ ሹሹታ የሚያሰማ መሣሪያ ካላችሁ ከአልጋው ሁለት ሜትር ራቅ አድርጉት፣ ድምፁም እናንተ በላዩ ላይ ሳትጮኹ መነጋገር የምትችሉበት ይሁን።

የማይሰጠውን በፍጥነት ልቁጠር። ከ6 ወር በፊት ውኃ አይሰጥም፤ ኩላሊቱ ስላልጠነከረ በደሙ ያለው ጨው ይቀጥንና ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ጡጦ ውስጥ እህል መጨመር እንቅልፍ አያስረዝምም፣ ትን ያስብላል። እስከ አንድ ዓመት ማር የለም፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ ያመጣል። የጉንፋን ሽሮፕ ለማስተኛት? በፍጹም!

አባቶች፣ አሁን ወደ እናንተ ዞርኩ። «እኔ ጡት የለኝ፣ ምን ላድርግ?» ትላላችሁ። ማጥባቱ 20 ደቂቃ ነው። ዳይፐሩ፣ ማስገሳቱ፣ ታቅፎ መቆየቱ፣ ማስቀመጡ ሌላ 40 ደቂቃ ነው። ያ የእናንተ ነው። ልጁን አምጡላት፣ ታጥባ፣ ተቀበሏት። ከተቻለም ሌሊቱን ተካፈሉት፤ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አንዳችሁ፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ሌላችሁ። ለአራስ እናት ሳይቆራረጥ የተተኛ አራት ሰዓት መድኃኒት ነው። ልጁ ተኝቶም እሷ መተኛት ካቃታት፣ ወይም ሐዘኑና ጭንቀቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ «ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ይዛችኋት ወደ ሐኪም ሂዱ።

ልጁን ይዛችሁ በሌሊት የምትሄዱበትም አለ። ከ3 ወር በታች ሆኖ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፤ ተረጋግቶ ሳለ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጥራችሁ ትንፋሹ ከ60 ካለፈ፤ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፤ ቢጫ ከሆነና ለመጥባት ካልነቃ። እነዚህን እስኪነጋ አትጠብቁ።

የቀረኝ ልጁን በጨርቅ መጠቅለል ነው፤ እሱን በቃል ሳይሆን በእጃችሁ ትማሩታላችሁ። ጠረጴዛዎቹ ላይ አሻንጉሊቶችና አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ ስስ የጥጥ ጨርቆች አሉ። ጨርቁን ጫፉ ወደ ላይ እንዲሆን ዘርጉት፣ የላይኛውን ጫፍ እጠፉት፤ ትከሻው እጥፋቱ ላይ ይረፍ። አንዱን እጅ ደረቱ ላይ አድርጋችሁ ጨርቁን አሻግሩና ከጀርባው ሥር ሸጉጡት። የታችኛውን ጫፍ ላላ አድርጋችሁ መልሱት፤ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው ወደ ጎን መከፈት አለባቸው። እግሩ ተወጥሮ ቀጥ ብሎ የታሰረ ልጅ የዳሌው አጥንት ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ሌላኛው ጎን። ደረቱና ጨርቁ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት መግባት አለበት። የተጠቀለለ ልጅ ሁልጊዜ በጀርባው ነው የሚተኛው፤ ለመገልበጥ መሞከር በጀመረ ቀን፣ አንዳንዱ በ2 ወሩ ይጀምራል፣ መጠቅለሉ ያበቃል።

ኑ፣ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ሞክሩ። ዞሬ በጣቴ እለካዋለሁ።